ድንቅ ነገር በማን ፈቃድ? የምናብ ልብ ወለድና የአንባቢዎቹ የመቶ ዓመት ሙግት

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራኒዮ በምንለው የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሰፈር ውስጥ አንድ ረጅም እንግዳ የተኩስ፣ የፈንጂና የእግር ጉዞ ልምምድ ያደርግ ነበር። የሚንቀሳቀስበት ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ነው፤ ሙያው ጠበቃ፣ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ከአገር ቤት በመጣ መልእክት ምክንያት በሳምንታት ተቋረጠ። የፖሊስ መኮንኑ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ለእንግዳቸው ሽጉጥና 200 ጥይት ስጦታ ሰጥተው ሸኟቸው። ማንዴላ አገራቸው በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተያዙ፤ ያ ሽጉጥም ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮንያ በሚባል ቦታ በአንድ እርሻ ውስጥ ተቀበረ፤ ከዓመታት በኋላ መሬቱን የቆፈሩ ሰዎች ሳያገኙት ቀሩ። የኮልፌው ሠልጣኝ 27 ዓመት ታስረው ወጡና የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ታሪክ አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ለወጣቶች ልብ ወለድ አድርጎ በዚያው በ1954 ዓ.ም. ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠብቀውን ፍርድ መገመት አያዳግትም። «ተረት ነው» ይባል ነበር፤ «እንዲህማ አይሆንም» ይባል ነበር። ሆኖም ሆኗል፤ የሆነውም ኮልፌ ላይ ነው።

«ተረት ነው» የሚለው ፍርድ በአማርኛ የንባብ ታሪክ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። አንድ መጽሐፍ እንስሳ ሲያናግር፣ ሴት ልጅን ወንድ አስመስሎ ሲያዘምት፣ ከሐይቅ ሥር ምሥጢራዊ ከተማ ሲያቆም አንባቢው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሌሊቱን ሲያነብ ያነጋል፤ ሌላው በአሥረኛው ገጽ ይዘጋዋል። ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ የምናስረዳው በዕድሜ ወይም በትምህርት ነው። ወጣቱ ቅዠት ይወዳል፣ አዋቂው እውነት ይሻል እንላለን፤ ወይም የተማረው ይንቀዋል፣ ያልተማረው ይደነቅበታል እንላለን። ያለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ማስረጃ ግን ለዚህ ማብራሪያ አይመሰክርም። የአማርኛ አንባቢና አድማጭ ድንቅ ነገርን ጠልቶ አያውቅም። የሚያከራክረው የድንቁ ፈቃድ ነው፦ ይህን እንዲናገር ማን ፈቀደለት? ለምን ጥቅም? ሃይማኖት ሲፈቅደው ይታመናል፤ ምክር ሲያዝል ይመሰገናል፤ ፖለቲካ ሲሸፍን ይፈለጋል። ከሦስቱ አንዱንም ሳይዝ ለጨዋታ ብቻ የመጣ፣ በተለይም ለአሥራዎቹ ዕድሜ የተጻፈ የምናብ መጽሐፍ፣ ያን ጊዜ ነው አንባቢን የሚያቧድነው። የልዩነቱ ሥር ይህ ከሆነ፣ መፍትሔውም ሌላ ይሆናል።

ከመጀመሪያው ፈቃድ እንነሣ። በሰሜንና በመሐል አገር ለዘመናት ዋናው የጽሑፍ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ከእርሷ የሚሰማውም በድንቅ የተሞላ ነው። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ተጠምጥመው ነው፤ የዛሬው ገመድ የዚያ ዘንዶ ምሳሌ ነው ይባላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው ጸልየው ስድስት ክንፍ ተሰጣቸው። በላዔ ሰብእ ሰው በልቶ የማይጠግብ ሰው ነበር፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ተማረ። ከእነዚህ ጎን ታላቁ እስክንድር ወደ ዓለም ዳርቻ የተጓዘበት ታሪክ በግእዝ ተተርጉሞ ይነበብ ነበር። ምእመኑ ይህን ሁሉ የሚሰማው እንደ ልብ ወለድ አይደለም፤ የእምነቱ እውነት ነው፤ ማንም እንደ ልብ ወለድ ሊመዝነው መብት የለውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው፦ የኢትዮጵያዊው ጆሮ ለድንቅ ነገር እንግዳ አለመሆኑ። ክንፍ፣ ዘንዶና ጥርኝ ውኃ እየሰማ ያደገ ሰው በልብ ወለድ ውስጥ ክንፍ ሲያይ የሚቆጣው ክንፍ ስለማያውቅ አይደለም። ክንፉ ባለቤት ስለሌለው ነው። ድንቁ ከማን እንደተገኘ፣ ማን እንደመሰከረለት፣ ማንን እንደሚያድን አይታወቅም። ደራሲው ከልቡ አፈለቀው፤ ከልብ የፈለቀ ነገር ደግሞ በዚያ ሚዛን ከሐሰት ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ፈቃድ የምክር ነው። የማታ ተረት ጦጣን ዳኛ፣ ጅብን ከሳሽ፣ አህያን ተከሳሽ ሲያደርግ ማንም «አህያ አትናገርም» ብሎ አልተከራከረም። ተረቱ ሲያልቅ ፍሬ ይጥላል፤ ልጁ ተንኮለኛን መለየት፣ ደካማን አለመግፋት፣ አፉን መጠበቅ ይማራል። ኮልፌን የመሰለ ሰፈር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞና ከኦሮሞ አካባቢዎች የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ሲኖሩበት፣ በየቤቱ የማታው ተረት ቋንቋ ቢለያይም ውሉ አንድ ነበር፦ ለልጅ ይነገራል፣ በምክር ይዘጋል። ይህ ውል ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባም አልተለወጠም። ከጣሊያን ወረራ ማግስት ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲያሳትሙ፣ የእንስሳትና የሰዎች ምሳሌዎችን በግጥም አስውበው በትምህርት ያሳሰሩ ሲሆን፣ መጽሐፉ የትውልዶች የትምህርት ቤት ጓደኛ ሆኗል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የምናውቃቸው ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚያ ታላቅ ሥራቸው አሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል። በቴሌቪዥን ዘመን ደግሞ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ይህን ውል ወደ እስክሪን አሻገሩት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ለአራት አሠርት ዓመታት ያህል ልጆችን በተረት አስተማሩ። ቴሌቪዥን በጥቂት ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን የጎረቤት ልጆች ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ተሰብስበው ያዩዋቸው ነበር። በእሳቸው አንበሳና ጦጣ ላይ የከፋ ሙግት አልተነሣም፤ አድማጩ ሕፃን ነው፣ መዝጊያው ምክር ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ድንቁ ከተረት ወጥቶ ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ ነው። ይህም የሆነው ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ሥራ፣ የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ተብሎ ይቆጠራል። ይህ መነሻ ከአዋቂ መጽሐፍ ይልቅ ዛሬ የወጣቶች የምናብ ልብ ወለድ ወደምንለው ይቀርባል። አንድ የጦር አለቃ በአረመኔ ጦር ተማርኮ በባርነት ይሸጣል፤ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። መንትዮቹ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ ናቸው። ዋሕድ ያንን ደግ ነጋዴ ፈልጎ ብድሩን ሊመልስ ይወጣና እሱ ራሱ በባርነት ይያዛል። አባትና ጦቢያ ሊፈልጉት ሲነሡ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከዚህ በኋላ ያለው ትዕይንት ፈገግ ያሰኛል፦ የአረመኔው ንጉሥ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ በዚህ «ውብ ጎበዝ» ፍቅር ትወድቃለች፤ ጦቢያም ልብሷን ብታወልቅ ክብሯ፣ ባታወልቅ ምሥጢሯ እያስጨነቃት ትያዛለች። ምሥጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ይወዳታል፤ ስለ እሷም ክርስቲያን ይሆናል፤ ዋሕድ ደግሞ ወይዘሮይቱን ያገባል። ሁሉም ነገር ከመጠን ያለፈ ነው፤ አጋጣሚው በአጋጣሚ ላይ ይደራረባል፣ ውበቱ ሰማይ ይነካል፣ ጦርነቱ በአንድ ቆንጆ ፊት ይበርዳል። በኋላ የመጡ ሃያሲዎች አንዳንዶቹ ይህን ግነት እንደ ጉድለት አይተውታል፤ ልብ ወለድ ኑሮን መምሰል አለበት ከሚል ሚዛን ተነሥተው። ሌሎች ደግሞ በቋንቋው ጣዕምና በትረካው ፍጥነት ተማርከው ግነቱን ይቅር ብለውታል። የአንባቢው መከፈል ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ መጽሐፉ በመጨረሻ ቦታ ያገኘው በሁለት ፈቃድ ነው፦ አረመኔው ንጉሥ በመጠመቁና የጦቢያ ስም ከአገር ስም ጋር በመገጣጠሙ። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ሠራዊት ውስጥ መግባቷ የሚሰጠውን ንጹሕ ደስታ በቅድሚያ ያነሣ አስተማሪ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሦስተኛው ፈቃድ የፖለቲካ ነው፤ ይህኛው የአማርኛ ቅኔ ልማድ ልጅ ነው። ሰሙ ድንቅ ቢሆን ወርቁ አገር ይሁን እንጂ ችግር የለም። የሲራክ ኅሩይ «ራሴላስ» ትርጉም የዚህ ቀለል ያለ ምሳሌ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ኢትዮጵያን ሳያይ የፈጠረው፣ መሳፍንት በተድላ ሸለቆ ተዘግተው የሚኖሩበት ታሪክ፣ ፍልስፍና ስላዘለ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ በክብር ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስለ እኛ የተፈጠረ ምናብ ቢሆንም «ተረት» ብሎ ያጣጣለው የለም። ጠንከር ያለው ምሳሌ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ነው። በማኅፀን ያለ ጽንስ እዚህ ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። ከዚህ የበለጠ እንግዳ ምናብ በአማርኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ጽንስ አንደበት አውጥቶ ድህነትንና ጭቆናን ይዘረዝራል፣ የእናቱን መከራ እያየ መወለድን ይቃወማል። አንባቢ ግን «ጽንስ አይናገርም» አላለም። የተናገረውን በደንብ ሰማ። መንግሥትም ሰማ፤ መጽሐፉን አገደ፣ ደራሲውም በኋላ እስከ ጎሬ የደረሰ ግዞት ቀመሰ። ሳንሱሩ ራሱ የምናቡን ኃይል መሰከረ ማለት ነው። ሆኖም ከዚህ የተገኘው ትምህርት አንድ ወገን ብቻ ነበር። አንባቢው ከዚያ በኋላ ማንኛውንም እንግዳ ታሪክ ሲያገኝ ወርቁን መፈለግ ለመደ። ወርቅ ያላገኘበትን ሰም ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ጣለው።

የደርግ ዘመን ይህን ልማድ አጠነከረው። ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ ታገለግል የሚል መመሪያ መጣ፤ ከሞስኮ በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሞሉት። የሚገርመው ይኸው ሙግት በሶቪየት አገር ራሷ ቀድሞ የተካሄደ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የሌኒን ባለቤት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በ«ፕራቭዳ» ጋዜጣ ላይ የኮርኔይ ቹኮቭስኪን የአዞ ተረት ለልጅ የማይጠቅም ቅዠት ነው ብላ አወገዘች። የአዞው መጽሐፍ ግን ከውግዘቱ ተርፎ የሩሲያ ልጆች የተወደደ ንባብ ሆኖ ቀጠለ። በእኛ በኩል የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አስገኘ። አዲስ አንባቢ ተፈጠረ፤ ይህ አዲስ አንባቢ ምን ያንብብ የሚለው ጥያቄ ግን በምክርና በትግል መጻሕፍት ብቻ ተመለሰ። ልጅ ተረት አለው፣ አዋቂ ልብ ወለድ አለው፤ በመካከል ያለው፣ ከተረት ያደገ ግን የአዋቂ መጽሐፍ ያልደረሰ ወጣት፣ የራሱ መደርደሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ያገኘውን ያነባል። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ላይ የተጻፈ ሆኖ ሳለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው መጽሐፍ ሆነ። በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ደግሞ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከወላጆቹ እኩል ሬዲዮኑ ሥር ተቀመጠ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ለዚያ ዕድሜ ተብሎ የተጻፈ አልነበረም።

ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ ነጻነት አዋጁ ከተነሣ በኋላ ገበያው ተለወጠ። የወንጀል፣ የስለላና የፍቅር መጻሕፍት ተበራከቱ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ወደ ጅማ በሚወጣው መንገድ ዙሪያ ያሉትን የኮልፌ ሰፈሮች ጨምሮ፣ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያነሰው አንባቢ መያዣ አስይዞ በቀን ሒሳብ ይከራይ ነበር። የተከራየ መጽሐፍ በፍጥነት መነበብ አለበት፤ ነገ ሌላ ሰው ይጠብቀዋል፣ ቢዘገይ ሒሳብ ይጨምራል። የዚህ የንባብ ሥርዓት ተጠቃሚ ገጹ የሚያስሮጥ መጽሐፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የወጣው በተዘጋጀ ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው። የጣና ገዳም፣ የውጭ አገር የስለላ ድርጅቶች፣ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ ምሥጢራዊ ኮድና በራሳችን እጅ የተሠራ ረቂቅ ቴክኖሎጂ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። የተነበበውም በዋናነት በወጣቱ እጅ ነው፤ በደብተር መሐል ተደብቆ ክፍል ውስጥ፣ በታክሲ ወረፋ ላይ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ።

«ዴርቶጋዳ» ያስነሣው የአንባቢ ልዩነት በሌላ የቅርብ ጊዜ መጽሐፍ ላይ በዚያ መጠን አልታየም። አንዱ ወገን በኩራት አነበበው፤ አገሩን በተረጂነት ሳይሆን በጥበብ የሚያሳይ መጽሐፍ አገኘ። ብዙ አንባቢ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በአሜሪካ የጠፈር ሳይንቲስት ከነበሩት ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር አገናኘው፤ ከዚህ ተነሥቶ ቀሪው ታሪክም የተደበቀ እውነት ነው ብሎ እስከ ማመን የደረሰ ነበር። ሌላው ወገን ተቆጣ፦ ይህ አይሆንም፣ የሆሊውድ ግልባጭ ነው፣ ወጣቱን በቅዠት ያሳክራል፣ ሳይሠራ የሠራ ያስመስለዋል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ አቋማቸው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። አድናቂው መጽሐፉን የወደደው እውነት ነው ብሎ በማመን ነው፤ ማለትም የእምነትን ፈቃድ ሰጠው። ተቺው የጠላው እውነት ባለመሆኑ ነው፤ ያንኑ ፈቃድ ነፈገው። ሁለቱም ድንቁን ለማስተናገድ ማስረጃ ጠየቁ። «ይህ የተፈጠረ ዓለም ነው፤ በራሱ ሕግ በደንብ ቆሟል ወይስ አልቆመም?» ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። በዚህ ጥያቄ ቢመዘን ኖሮ የመጽሐፉ ጥንካሬም ድክመትም በቀላሉ ይወጣ ነበር፦ ጥንካሬው የገዳምን ጸጥታና የሳይንስን ፍጥነት ማገናኘት መድፈሩ ነው፤ ድክመቱ ደግሞ ብዙውን ቋጠሮ በአጋጣሚ መፍታቱ። የመጀመሪያው ያስመሰግናል፣ ሁለተኛው ያስወቅሳል፤ የጣና ውኃ ምን ደብቋል የሚለው ጥያቄ ግን ሥነ ጽሑፍን አይመለከትም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል። ድሃ አገር ነን፤ ወጣታችን ሒሳብና ሳይንስ ያንብብ፣ ለጨዋታ የሚተርፍ ጊዜ የለውም ይባላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ይገኛል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ከሠሩ በኋላ ወደ አገር ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አሰማሩ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ያሰባሰቡበት አንዱ መንገድ ማሞ ስለሚባል ሞኝ ልጅ የሚያስቅ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመ የተረት መጽሐፍ ነው። እሳቸው ራሳቸው ንባብን የወደዱት 19 ዓመት ከሆናቸው በኋላ፣ በአጋጣሚ እጃቸው በገባ አንድ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል። ማንም አስተማሪ ያን መጽሐፍ ለምክር አይመርጠውም ነበር። ከእሱ የተነሣ ሰው ግን ለሺዎች ልጆች መጽሐፍ አደረሰ። ስለዚህ «ቁምነገር ያንብብ» የሚለው ምክር ቅደም ተከተሉን ስቷል። ንባብ መጀመሪያ ልማድ ይሆናል፣ ልማድም በደስታ ይጀመራል፤ ሳይንሱን ለማንበብ የሚያስፈልገው ትዕግሥት የሚገነባው ወጣቱ ወዶ በጨረሳቸው ገጾች ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ምናባዊ ልብ ወለድ የባዕድ ነው ይላል፤ አስማተኛና ጠንቋይ፣ በራሪ መጥረጊያ ከውጭ የመጣ ነው ይላል። የባዕድ መጽሐፍ መብዛቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙግቱ የእኛ ብቻ ነው የሚለው ግምት ስሕተት ነው። የ«ሃሪ ፖተር» መጻሕፍት በአሜሪካ ራሷ በሃይማኖት ምክንያት ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጡ ብዙ ወላጆች የጠየቁባቸው ናቸው። ባዕድ የተባለው ነገር በገዛ አገሩም «ማን ፈቀደለት?» ተብሏል። በሌላ በኩል ምናቡ የእኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማሳያ አጥተን አናውቅም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዋና ገጸ ባሕርይ ቀጭኔ ናት፤ በእጅ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ቀጭኔዋ እጅ መታጠብና ፊደል መቁጠር ታስተምራለች፤ ምክር ስለያዘች ቤቶች ሁሉ ተቀበሏት። ከብሩክታዊት ሥቱዲዮ የወጡት «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ልዩ ኃይል ያላቸው፣ የጥበብ ልብስ የለበሱ ሦስት ልጃገረዶች ናቸው፤ ያለዕድሜ ጋብቻንና መሰል ጉዳቶችን ይዋጋሉ። ሥራው ደፋር ነው፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜም የሚመጥን ነው። እዚህም ቢሆን ኃይሉ የተፈቀደው ጎጂ ልማድን ለመዋጋት እንደሆነ ልብ ይሏል። ልዩ ኃይል ያላት ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ ለመሳቅና ለመፈንጠዝ ብቻ የምትበርበት መጽሐፍ ገና እየጠበቅን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ በቀላሉም አይመለስም። አንባቢው ልብ ወለዱን ከእውነት ጋር ያምታታል ይላል፤ «ዴርቶጋዳ»ን ለማስረጃ ያቀርባል። እውነት ነው፣ ያምታታል። መንስኤው ግን የምናብ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው። በዓመት አንድ የምናብ መጽሐፍ የሚያገኝ ወጣት ያችን አንዷን እንደ ትንቢት ይይዛታል። አሥር ያነበበ ግን ደራሲ እንዴት ዓለም እንደሚፈጥር፣ እንዴት እንደሚያታልል፣ የት እንደሚያጭበረብር ያውቃል። የተረት አድማጭ ልጅ ጅብ እንደማይናገር የሚያውቀው ብዙ ተረት ስለሰማ ነው። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ ያለው እውነት አንድ ነው፤ እሱም የጥራት ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የእኛ የምናብ መጻሕፍት አርታኢ አይጎበኛቸውም፤ የፊደል ስሕተታቸው ብዙ ነው፤ ሕግ ያወጡለትን ዓለም በሦስተኛው ምዕራፍ ራሳቸው ያፈርሳሉ። ይህን መውቀስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥሩ ያልተሠራ ድንቅ የሚወቀሰው ድንቅ በመሆኑ አይሁን፤ ጥሩ ባለመሠራቱ ይሁን። ጦቢያን የምናነበው በአማርኛዋ ጥራት ነው፤ «አልወለድም»ን የምናስታውሰው በሙግቱ ስለት ነው። ሁለቱም ከሚቻለው ወሰን ውጭ ያሉ መጻሕፍት ናቸው።

ወደ ኮልፌ እንመለስና እንፍረድ። አንድ የአየር ጤና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የዚህ መቶ ዓመት ሙግት ወራሽ ነው። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ማንዴላ ሠልጥነዋል፤ ቤቱ ውስጥ አያቱ ተረት ያውቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በተአምር የተሞላ ታሪክ ይነግሩታል። ከድንቅ ጋር የተዋወቀው ገና ሳይማር ነው። የሚጎድለው ለእሱ ዕድሜ ተብሎ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ምክሩን ሳያስቀድም የሚያስቅና የሚያስደንቅ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ይህን ክፍተት መሙላት ያለባቸው እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። አሳታሚዎች ለአሥራዎቹ ዕድሜ የተለየ ተከታታይ ከፍተው አርታኢ ይመድቡለት። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የምናብ መጽሐፍን ከመማሪያ መጽሐፍ እኩል ያስገቡ። መምህራን «ምን ተማርክበት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የት ቦታ ሳቅህ? የትኛውን ቦታ አላመንከውም? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ወላጆች ደግሞ ልጃቸው በደብተር ሥር የደበቀውን መጽሐፍ ሲያገኙ ከመንጠቃቸው በፊት አሥር ገጽ ያንብቡት፤ ተረት ሆኖ ቢያገኙትም፣ በደንብ የተተረተ ከሆነ ይመልሱለት።